እግሬ መሬት ሳይነካ አቶክ እንደምደርስ ተስፋ ለሰጠኝ የማርሽ ፋብሪካ

ይድረስ ለተከበሩ የፋብሪካው የጥንካሬና የማርሽ ቅያሪ ጥራት መምሪያ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለቤተሰብዎና ሳይሰበር ለሚንቀሳቀስ ንብረትዎ ሁሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ አመስጋኝ ደንበኛዎ በባዋንግ ባሕር ዳርቻ ዓሣ አድርቄ የምሸጥ ሰው ስሆን፣ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ለምስጋናዬ አንድ ፖስታ አልበቃ ስላለ ነው።

ለሦስተኛ ጊዜ እንደምገልጽልዎት፣ ወላጆቼ የፍሎርዴሊዛን እጅ ሊጠይቁልኝ የተጠበሰ አሳማ ይዘው ጂፕኒ በሚባለው የሕዝብ መኪና ወደ ተራራው፣ ወደ አቶክ ወጥተው ነበር። አባቷ አፖ ባልዶሜሮ የአካባቢው ብስክሌተኞች አለቃ ስለሆኑ፣ አማቻቸው የሚሆነው ሰው ከባሕሩ እስከ ደጃቸው እግሩ መሬት ሳይነካ ፔዳል እየመታ ካልደረሰ ልጄን አልሰጥም ብለው አስቀድመው ልከውብን ነበር። እኔም በብስክሌት ማርሽዎ ካርቶን ላይ «ለተራራ የተፈጠረ፣ አሥር ዓመት የማይከዳ» የሚለውን አንብቤ ቃል ገባሁ፤ ማርሹን ብስክሌቴ ላይ አስገጥሜም በሽምግልናው ዕለት ወላጆቼን በፔዳል ተከተልኳቸው። ቅሬታ ለማቅረብ ሳይሆን ውለታዎን ለመቁጠር ያህል፦

፩ኛ፦ በሜዳው ላይ፣ ማርሽ መቀየር በማያስፈልግበት ሁሉ፣ ማርሹ ሳልጠይቀው በገዛ ፈቃዱ ሲቀያየር ስለዋለ ትጋቱን አደንቃለሁ።

፪ኛ፦ ዳገቱ ሲጀምር ግን ከባዱ ማርሽ ላይ ደርቆ ቀረ፤ ጣቴ እስኪያብጥ ብጫነው ንቅንቅ አላለም። ካቴናውም ይዘልል ጀመር። ሦስት ወር ያልሞላው የኋላው ጥርስ ተበልቶ ተበልቶ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ አፍ መስሏል።

፫ኛ፦ ጥፋቴን አልክድም። መመሪያዎ «በቤትዎ ያለውን ጥሩ ዘይት ይጠቀሙ» ስለሚል፣ እናቴ ፀጉሯን የምትቀባበትን፣ ጉልበቷን የምታሽበትንና የስፌት መኪናዋን የምታለሰልስበትን የኮኮናት ዘይት በማርሹ ገመድ ቱቦ ውስጥ አንቆረቆርኩ። ባዋንግ ላይ እንደ ውሃ የሚፈሰው ዘይት በአቶክ ብርድ እንደ ሻማ እንደሚረጋ የባሕር ዳር ሰው ከየት ይወቅ?

የመጨረሻውን አራት ኪሎ ሜትር ብስክሌቱን ተሸክሜ፣ በጎመን ማሳዎች መካከል እንባዬን እየዋጥኩ ወጣሁ። ስደርስ አሳማው ቀዝቅዟል፤ ወላጆቼ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ፍሎርዴሊዛም ፊቴን ትታ ጭቃ የነካውን ጫማዬን ታያለች። አጣኋት ብዬ ልቤ ተሰበረ፤ እዚህ ላይ አልቀልድም። አፖ ባልዶሜሮ ገመዱን አሸተቱና «አንተ ልጅ፣ ማርሹን ልትጠብሰው ነው እንዴ?» አሉኝ። ብስክሌቱን ብድግ አድርገው ክብደቱን ከመዘኑ በኋላ፣ «ይኼን የማይረባ ብረት ሳይጥል እዚህ ድረስ የተሸከመ ሰው ልጄንም አይጥላትም። ብስክሌቱ ግን ግቢዬ አይገባም» አሉ።

እስከ ዛሬ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። አንዲት ዶሮ ማርሹ ላይ ታድራለች፤ ሳይዘልል የተሸከመው የመጀመሪያው ጭነት እሷ ናት።

፬ኛ፦ ለሁለቱ ደብዳቤዎቼ «የተጓዙበት ቦታ ዳገት ስለነበረው ዋስትናው አይመለከትዎትም» ብለው መልሰውልኛል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንዲሉ ነው። ለተራራ በተፈጠረ ማርሽ ተራራ በመውጣቴ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ምርትዎን በትከሻው ከፍ አድርጎ ያከበረ፣
ኔሜሲዮ ዱምላኦ

ማሳሰቢያ፦ ሰርጋችን ከአምስት ወር በኋላ በአቶክ ስለሆነ ክቡርነትዎ ተጋብዘዋል። በራስዎ ማርሽ የሚመጡ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ይነሡ።