የእማዬ ምርኩዝ

ውድ ወንድሜ ኢድዋል፣ አውስትራሊያ ከነልጆችህ እንዴት ይዛችኋለች? እዚህ ዌልስ ዝናቡ አላባራም እንጂ እኔ ደህና ነኝ።

እማዬን ከቀበርን በኋላም፣ እሷን ስላስታመምኩ መንግሥት የሚከፍለኝ የአስታማሚነት አበል ባንክ ሲገባልኝ ከርሞ ነበር። ሞቷን ማዘጋጃ ቤት ሳስመዘግብ ሁሉም መሥሪያ ቤት የሰማ መስሎኝ! አሁን የአበል ቢሮዎቹ ዘጠኝ መቶ ፓውንድ ይመልሱ ብለው ጻፉልኝ። ስደውልላቸው አንዷ ሠራተኛ፣ «እናትዎን አሁንም ያስታምማሉ?» አትለኝም!

«መቃብር ወርጄ?» አልኳት።

«ቅጹ ላይ እሱ የለም። አዎ ወይም አይ ይበሉኝ።»

ቋቅ አለኝ!

ትናንት ደግሞ ሆስፒታሉ ለእማዬ አውሷት የነበረውን ባለአራት እግር ምርኩዝ ሊወስድ ሰው መጣ። በሩን እስክከፍትለት የበሩን ደወል አራቴ ደወለ። ምርኩዙን ከበሩ ኋላ ተደግፌ፣ «ጠፍቷል» አልኩት።

አንተ አታስብ። ልጆቹን ሳምልኝ።

እህትህ ኤሉነድ