በመጽሐፍ ቅዱሴ ቦርሳ የያዝኩት ቢላዋ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ትናንት ምሽት ላይ ታናሽ ወንድሜን ባጃጁን ቀምተው ጭንቅላቱን በፌሮ ፈነከቱት። አንደኛውን ቀማኛ አውቀዋለሁ። ዛሬ ላርደው ወጣሁ። ከዚፓም ቦርሳው መጽሐፍ ቅዱሴን አውጥቼ ቢላዋ ከተትኩበት፤ ማን ይጠረጥራል? መጀመሪያ ወንድሜን አይቼው ልሂድ ብዬ ሆስፒታል ጎራ አልኩ። ዓይኑን አልገለጠም። እናቴ አጠገቡ ተቀምጣለች።

“ነፍሱ በጌታ እጅ ናት፤ እስኪ አንድ መዝሙር አንብብለት” አለችኝ።

ቦርሳውን ደረቴ ላይ ጨመቅኩት። ነጥቃኝ ከፈተችው። ቢላዋውን አየች፤ ዚፑን መልሳ ዘጋችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

“በቃልህ የምታውቀውን በልለት።”

በልጅነቴ ያስተማረችኝን መዝሙር ጀመርኩ። ስለ ጠላት የሚለው ቦታ ስደርስ ቦርሳውን አየሁና አቋረጥኩ። እሷ ጨረሰችልኝ። ቦርሳውን ግን አልመለሰችልኝም።