ራኬብና የከብት አርቢዎቹ ተራራ

ማርች 8
መኪናዬን ሃውቶርን ወስጄ ብሬኳን አስቀየርኩ። ስመለስ ፌርፋክስ፣ የሎስ አንጀለሱ የሐበሻ ሰፈር፣ ፓርኪንግ ጠፍቶ ብዙ ዞርኩ። ጓደኛዬ ኪሩ ምሳ አዞ ጠበቀኝ።
"ልጅህ አሁንም የፈረንጅ ላም ትጠብቃለች?" አለና ሳቀ። የእሱ ልጅ ዌስትቼስተር የሆቴል ማናጀር ናት። እኔስ የልጄን የራኬብን ሥራ መቼ በደንብ አወቅኩት?

ማርች 9
ራኬብ ጋ ደወልኩ። "ሥራሽን አንዴ በደንብ አስረጂኝ" አልኳት። ሳቀች።
እንግዲህ እንደነገረችኝ፣ ሴራ ከሚባሉት ተራሮች ማዶ ሰፊ የመንግሥት መሬት አለ። ከብት አርቢዎች ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ በፈቃድ ከብት ያሰማሩበታል። የዱር ተቆርቋሪዎች ደግሞ መንገድም ሞተርም የማይገባበት ዱር ሆኖ ይከለል ይላሉ። ስንት ዘመን ተካሰዋል! አንዱ በር ይቆልፋል፣ ሌላው አጥር ይቆርጣል። እሷ የመንግሥት ሠራተኛ ናት፣ መሃላቸው። ሁለቱም አያምኗትም።
"መሬቱ ግን የማን ነው?"
"የሁሉም ነው፣ አባዬ። ያንተም ጭምር።"
የእኔም! በተማሪነቴ "መሬት ለአራሹ" እያልኩ ስጮህ ድምፄ ይዘጋ ነበር። ለራሴ ግን መሬት ኖሮኝ አያውቅም...

ማርች 21
የራኬብን መኪና ጎማ አስተነፈሱባት። ማን እንደሆነ አልታወቀም።
"ተይውና ነይ" አልኳት።
"ኤፕሪል ላይ ሁለቱን ወገን የማገናኝበት ሚቲንግ አለኝ። ከዚያ በፊት ንቅንቅ አልልም።"
ግትር። ማንን መስላ ይሆን?

ኤፕሪል 11
ድራይቭ አድርጌ እሷ ጋ መጣሁ። ዌይን የሚባል ሽማግሌ ከብት አርቢ ቤት ወሰደችኝ። እሱ እሺ ካለ ሌሎቹም ይከተሉታል አለችኝ።
"አባቴ ድንኳን ተሸክመው ለሚመጡት የዱር ተቆርቋሪዎች ውሃ እንኳ አይሰጥም ነበር" አለኝ ዌይን። "በኋላ የማዕድን ኩባንያ ተራራውን ሊቆፍር መጣ። ያኔ ከእነሱ ጋር አብረን ቆመን መለስነው። ከዚያ እንደገና ተጣላን።"
የራኬብ ሐሳብ ይሄ ነው። መሬቱ ዱር ተብሎ ቢከለልም፣ ድሮ የነበረ ግጦሽ እንዲቀጥል ሕጉ ይፈቅዳል። ላሞቹ ይቆያሉ። የተራራው ምንጭ ግን ላሞቹ እንዳይረግጡት ይታጠራል፤ ዌይንም ፒክአፑን ትቶ በፈረስ ይወጣል።
"በዚህ ዕድሜዬ በፈረስ!" እያለ አጉረመረመ። እሺ ይበል አይበል አልገባኝም። ለእሷ ፈራሁላት።

ኤፕሪል 12
የሚቲንጉ አዳራሽ ጢም ብሎ ነበር። ከኋላ ተቀመጥኩ። ራኬብ ካርታውን ስታሳይ አንዱ አርቢ ተነስቶ ጮኸ። "ከየት መጥተሽ ነው ስለ መሬታችን የምታስተምሪን?"
እሷ ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም።
"ከሎስ አንጀለስ። በበረዶ ጥጃችሁን ከጭቃ ጎትቼ አውጥቻለሁ። ከተቆርቋሪዎቹም ጋር ምንጩን ጠርጌያለሁ። መሬቱ ይወሰድባችሁ አላልኩም። ለልጅ ልጆቻችሁም ይቆይ ነው ያልኩት።"
ዌይን ባርኔጣውን አውልቆ ተነሳ።
"እኔ በፈረስ እወጣለሁ" አለ። በቃ፣ ይቺን ብቻ።
የተቆርቋሪዎቹ መሪ፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴትዮ፣ ካርታውን ጠጋ ብላ አየች። "እንግዲያው ላሞቹ ይቆዩ። ክሳችንንም እናነሳለን" አለች።
ሐሳቡን አንድ ላይ፣ መሬቱን በሕግ ለሚከልለው ለኮንግረስ፣ ሊልኩት ተስማሙ። ኮንግረስ ምን እንደሚል ማን ያውቃል? ግን እነዚህ ሰዎች ሲጨባበጡ በዓይኔ አየሁ!
እኛ በዘመናችን ከባለርስቱ ጋር የምንቀመጥበት አዳራሽ አልነበረንም። ልጄ አስቀመጠቻቸው። አለቀስኩ። ምን አለበት? ይዩኝ!

ሜይ 2
ለኪሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። ምሳው ቀዘቀዘ።
"ይሄን ሁሉ ለምን ደበቅከን?"
አልደበቅኩም። አላውቅም ነበር።

ጁን 14
ምንጩ ዛሬ ታጠረ። ልረዳ ሄድኩ። አርቢዎቹ ሽቦ ይወጥራሉ፣ ተቆርቋሪዎቹ ችካል ይመታሉ። ወገቤ ተቆረጠ... ግን ማን ይቀመጣል? ራኬብ ከዚያ ማዶ ትጣራለች፣ "ትንሽ ወደ ግራ!" ሁሉም ይሰማታል።
ከተቆርቋሪዎቹ አንዷ ጓንት ሰጠችኝ። "ከየትኛው ወገን ነህ? ከአርቢዎቹ ነህ ወይስ ከእኛ?"
"የራኬብ አባት ነኝ።"
እጄን አፈፍ አድርጋ ጮኸች። "የራኬብ አባት መጥቷል!"
ከሁለቱም ወገን ሥራቸውን አቁመው ሊጨብጡኝ መጡ።