ሐኪማችን አርፈዋል፤ የሰጡት ውጤት ግን አይለወጥም

የአስከሬን ምርመራ ሐኪሞችና ባለሙያዎች ማኅበር አንጋፋዋ ባልደረባችን ባለፈው ማክሰኞ በመኖሪያ ቤታቸው ድንገት ማረፋቸውን ለአባላቱና ለሕዝብ የሚያስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው። ንዴትም አለብን፤ አንደብቀውም።

በ1987 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምሩ አስከሬን ከፖሊስ ደብዳቤ ጋር ይመጣል፣ ሐኪሙም ደብዳቤው ያለውን እንዳለ ገልብጦ ይፈርም ነበር። እሳቸው ግን «እስቲ የሞተበትን ክፍል ልየው» ብለው ቦርሳቸውን አንሥተው ይወጡ ነበር። «እትዬ እስቲ» የሚለው ቅጽል ስም የወጣላቸው ያኔ ነው፤ መጀመሪያ ለፌዝ፣ እያደር በአክብሮት።

በ1999 ዓ.ም. የማኅበራችንን የሥልጠና ክፍል አቋቋሙ። አስከሬኑ ሰውዬው በምን እንደሞተ ይናገራል፤ በሕመም ነው፣ በአደጋ፣ በገዛ እጁ ወይስ በሰው እጅ የሚለውን ለመለየት ግን የሞተበትን ቦታ ማየት፣ ያገኘውንም ሰው መጠየቅ እንደሚያስፈልግ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተለየ «አልታወቀም» ብሎ መጻፍ ነውር እንዳልሆነም ነግረውናል።

ባለፈው ዓመት የአንዲት ወጣት የቤት ሠራተኛ አስከሬን «ከአሠሪዎቿ መስኮት ብረት ላይ ራሷን ሰቀለች» ተብሎ መጣላቸው። የተሰቀለ ሰው አንገት ላይ የገመዱ ምልክት ወደ ቋጠሮው ሽቅብ ይወጣል። የልጅቷ ግን ዙሪያውን እኩል ነበር፤ በሰው የታነቀች መሆኗን የሚጠቁም ነው። ሐኪማችን እንደ ልማዳቸው ቤቱ ድረስ ሄዱ። የመስኮቱ ብረት የከረመ አቧራ እንደለበሰ ነው፤ ገመድ አልነካውም። «በሰው እጅ» ብለው ፈረሙ።

ከዚያ ወዲህ ስልካቸው አላረፈም። ቢያንስ «አልታወቀም» ብለው ቢያስተካክሉት ምን አለበት ተባሉ። የሰጡት መልስ «ባላውቅ ኖሮ እጽፈው ነበር» የሚል ነው።

በልጅቷ ግድያ ክስ በዚህ ወር ፍርድ ቤት ቀርበው ሊመሰክሩ ቀጠሮ ነበራቸው። አሁን «ምስክሯ ሞቱ፣ ነገሩም አበቃ» የሚሉ አሉ። ተሳስተዋል። ሁለት ባልደረቦቻችን በምርመራው ጠረጴዛ አጠገብ ቆመው ነበር፤ ክፍሉንም አብረው አይተዋል።

«አስገድለዋቸው ነው» የሚል ወሬም ከራሳችን ሰዎች ጭምር ሰምተናል። እውነት ቢሆን ለክሱ ይመች ነበር። በቤተሰባቸው ፈቃድ ቤታቸውን አየን፣ አስከሬናቸውን እያለቀስን መረመርን። የልባቸው ደም ሥር ተዘግቶ ነው ያረፉት፤ አሟሟታቸው ተፈጥሯዊ ነው። እንደ እናታችን ብንወዳቸውም ያላየነውን አንጽፍላቸውም። ስለ ልጅቷ ስንናገር እመኑን የምንለውም ለዚሁ ነው።

ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸው፣ አብረዋቸው ለሠሩ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን።

ለወጣቷ ሠራተኛ እናት፦ እትዬ እስቲ ሊመጡልዎ አልቻሉም። በቀጠሮው ቀን እኛ ችሎት እንገኛለን። ልጅዎ ራሷን አላጠፋችም።