ሄልሜቴን ያነሳሁት ለምን እንደነበር

ይድረስ ለአባዬ፣

እንዴት ከርመሃል አባዬ? ጉልበትህስ ተሻለህ? እማዬን ያ ሳል ለቀቃት? እኔ ትከሻዬ ላይ ካለው ብልዘት በቀር ደህና ነኝ፤ ይህን አስቀድሜ የምነግርህ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው።

ሄልሜቴን አንስቼ ሰው ላይ ስሄድ በቴሌቪዥን ካየኸኝ ወዲህ እህል አልቀመስክም አሉ። «ልጄን እንዲህ አድርጌ አላሳደግኳትም» ማለትህንም እማዬ በስልክ ነግራኛለች። እንግዲህ የሆነውን ከእኔው ስማ።

በረዶ የምንለውን የውድድር መኪና ነጂ ታውቀዋለህ፤ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም ፊቱ የማይለወጠውን። በእኛ ሥራ ከሳቅክ ጠገበ፣ ካለቀስክ አለቀለት ትባላለህ። ሴት ስትሆኚማ ካሜራውን ደግነው እንባሽን ነው የሚጠብቁት።

የዚያን ቀን ዝናቡ ያወርደዋል። ከፊት ያሉት መኪኖች የሚረጩት ውሃ መንገዱን ጋርዶታል። ኩርባው ላይ ፍሬን ስይዝ በረዶ በመኪናው ከኋላ መጥቶ ገጨኝ፤ መኪናዬ ተሽከርክራ ከግንቡ ጋር ተላተመች። ጭስ ሸተተኝ። ቀበቶዬን እንዴት ፈትቼ እንደወጣሁ አላውቅም። በእግሬ ስቆም ፍርሃቴ ንዴት ሆነ። ባለፈው ውድድርም ገፍቶኝ ስለነበር፣ ሆን ብሎ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። ሐኪሙ «ቁጭ በይ» እያለኝ ጥዬው፣ ያወለቅኩትን ሄልሜት በእጄ እንደያዝኩ ወደ በረዶ ጋራዥ ገሰገስኩ፤ ካሜራዎቹም ተከተሉኝ። አልዋሽህም፣ ስሄድ ልመታው ነበር።

ከመኪናው አልወረደም። መሪውን ጨብጦ ደርቋል፤ መካኒኩ ጣቶቹን ሊያላቅቅለት ይታገላል። ሲያየኝ «አላየሁሽም... የገደልኩሽ መስሎኝ» አለ። እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው አባዬ! ካሜራዎቹ ከኋላዬ ይጋፋሉ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሄልሜቴን አንስቼ ፊቱን ከለልኩለት። ከኋላ ላየ ሰው ግን ልፈነክተው ያነሳሁ ነው የሚመስለው።

የውድድሩ ዳኞች ጠርተው የቴሌቪዥኑን ምስል ደጋግመው አሳዩኝ። መምታትሽ ከታመነ ዓመቱን ሙሉ አትነጂም አሉኝ። ብናገር የሰው ገመና ማውጣት ሆነብኝ፤ ዝም ብል ሥራዬ መሄዱ ነው። የበረዶ አለቃ «ስለ እንባ ትንፍሽ እንዳትል፤ ስንት የደከምንበትን ስም ታበላሻለህ» ብሎ እንዳስጠነቀቀው መካኒኩ ሹክ ብሎኛል። ይህን ሳወጣ ሳወርድ በሩ ተከፈተ። ማንም ሳይጠራው በረዶ ገባ። «አልመታችኝም። ሳለቅስ እንዳልታይ ከለለችኝ» አለ። አንደኛው ዳኛ «አንተ? ስታለቅስ?» ብሎ ፈገግ አለ። «አዎ፣ እኔ» አለና እዚያው ሁሉም እያዩት ዓይኑ ሞላ። አልጠረገውም።

ክሱ ተነሣልኝ። እሱን ግን በመናገሩ አለቃው ከእሁዱ ውድድር አስቀርቶታል። እኔ ስነዳ ከተመልካች ጋር ቆሞ ሊያይ ነው፤ እመጣለሁ ብሎኛል። እንደምንም ብዬ ጥሩ አድርጌ ልንዳለት፤ በጸሎት አትርሱኝ።

እማዬን ግራ ቀኝ ጉንጯን ሳምልኝ። ወንድምዬን «መኪና ሰባሪዋ» ማለቱን ይተው በለው። እህቴ ፈተናዋን ስትጨርስ ትደውልልኝ። አንተ ደግሞ በል ብላ።

ልጅህ

ከጋራዡ በላይ ካለችው ክፍሌ
ሐሙስ፣ ጥቅምት 14 ቀን