የልዑልቃል ቀጠሮ ሁለቴ ስለመጮሁ

ለተከበረው የዲጂታል ቀን መቁጠሪያ ደረጃ አውጪ ኮሚቴ፣
ባላችሁበት

ክቡራንና ክቡራት ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ ከትዳር ጓደኞቻችሁም ጋር በፍቅር ተቀምጣችሁ እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ የቧንቧ ዕቃ የምሸጥ ወጋየሁ የተባልኩ ዜጋ ስሆን፣ ጤናዬ ደህና ነው፤ ሰላሜን ግን የወሰዳችሁት እናንተ ስለሆናችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

በቅድሚያ ላመስግናችሁ። ባለቤቴ ጸሐይወርቅ የስልኳን ቀን መቁጠሪያ ከስልኬ ጋር ስላገናኘችው፣ በየቅዳሜው ከልዑልቃል ጋር ያላትን የመዝሙር ልምምድ እኔም ቧንቧ እየለካሁ እንዳልረሳ ታደርጉኛላችሁ። ልዑልቃል የመዘምራኑን ኪቦርድ የሚጫወት ጎልማሳ ነው። ድምፁ ያምራል፣ ሸሚዙም ተተኩሶ ያላየሁበት ቀን የለም፤ እቀናበታለሁ፣ አልደብቃችሁም። ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ልምምዱ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ነው። ጸሐይወርቅ እንደ አገሯ አቆጣጠር አሥር ብላ መዘገበችው፤ ስልኩ ግን የፈረንጅ አሥር መስሎት ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ይጮሃል። ልዑልቃል ደግሞ ያንኑ ልምምድ በፈረንጅ ሰዓት አስተካክሎ ላከላት። እናንተ ባወጣችሁት ሕግ እያንዳንዱ ቀጠሮ የራሱ መለያ ቁጥር ስላለው፣ ርዕሱም ቀኑም ሰዎቹም አንድ ቢሆኑ፣ ቁጥሩ ከተለያየ ሁለት ቀጠሮ ነው። በዚህ ቸርነታችሁ ልዑልቃል በአንድ ቅዳሜ ሁለት ጊዜ ተሰጠው።

፪. ማንቂያው በየቀጠሮው ውስጥ ተለይቶ ስለሚቀመጥ፣ ሁለት ቀጠሮ በሁለት ስልክ አራት ጊዜ ይጮሃል። የረፋዱ ሲጮህ ጸሐይወርቅ ፈገግ ብላ ከስልኳ ላይ ታጠፋዋለች። እኔ ያን ፈገግታ ለሦስት ሳምንት አመነዠኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ እሷ በሌለችበት የእኔ ስልክ «ከልዑልቃል ጋር» ሲል፣ ደንበኞች ቆመው እያዩኝ ሱቄን ዘግቼ በታክሲ ፉሪ ወደሚገኘው የመዘምራኑ መለማመጃ አዳራሽ ሄድኩ። ጥበቃው ጋሽ ሁንዴሳ ከጠዋት ጀምሮ ማንም እንዳልመጣ ነገሩኝ። እዚህ ከሌሉ ሌላ ቦታ ናቸው ብዬ ደመደምኩ። ባለቤቴ ለካ ጎፋ፣ እህቷ ቤት፣ ልብስ እያጠበች ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ሁለተኛው ሲጮህ ተመልሼ ሄድኩና፣ በሃያ ሦስት መዘምራን ፊት፣ የረፋዱን ልምምድ ከሚስቴ ጋር የት እንዳደረገ ልዑልቃልን ጠየቅሁት። ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ጸሐይወርቅ ስልኳን አውጥታ ሁለቱን ቀጠሮዎች አሳየችኝ፣ እንዴት እንደተመዘገቡም በለሆሳስ አስረዳችኝ፣ ከዚያም ወደ ቦታዋ ተመልሳ ዘመረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምታናግረኝ ራት መቅረቡን ለመንገር ብቻ ነው።

፫. ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። በመጪው ቅዳሜ ከተጋባን አሥራ አንድ ዓመት ይሞላናል። ጸሐይወርቅ ከወራት በፊት «ምሳ ከወጋየሁ ጋር» ብላ መዝግባው አገኘሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያለ ማንቂያ። ሕጋችሁ ማንቂያ የሌለውን ቀጠሮም እንደሚፈቅድ አንብቤ ተረድቻለሁ። ለኪቦርድ ተጫዋች አራት ጩኸት፣ ለባል ዝምታ!

ስለሆነም የተከበረው ኮሚቴ ከልዑልቃል ቀጠሮዎች አንዱን ቀንሶ ለእኔ እንዲደርብልኝ፣ ካልተቻለም አንድ ማንቂያ እንኳ እንዲያውሰኝ እለምናለሁ። ይቅርታ ልጠይቃት ያሰብኩት በዚያ ምሳ ላይ ስለሆነ፣ ሌላ ቀን የለኝም።

ለድካማችሁ የሚገባውን አክብሮት ሁሉ፣ ሳልደጋግም በአንድ መለያ ቁጥር እያቀረብኩ፣
ወጋየሁ
የቧንቧ ዕቃ ነጋዴና ማንቂያ ያልተሞላለት ባል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ፈርሜ ሳልልከው ስልኬ ጮኸ። ጸሐይወርቅ የቅዳሜውን ምሳ ሰርዛዋለች። ሥራችሁን ሁልጊዜ ከመንቀፍ እንድድን ይህንንም ልመስክርላችሁ፤ የስረዛው መልእክት ሰዓቱን አልሳተም፣ አልተደጋገመምም፣ በትክክል አንድ ጊዜ ብቻ ደረሰኝ።