ለልጄ ስለ ተሰጠው የዜማ ቁራጭ

ለተከበሩ የጥሩምባ ተማሪ ቤት አለቃ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከሐዘን በቀር ደኅና ነኝ። ለእርስዎ ጤናና ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ልጄን ሰንበታን አራት ዓመት ቀልበው፣ ጫማ አጫምተው ሙዚቀኛ ስላደረጉልኝ ምስጋናዬን በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ።

አንደኛ፤ ልጄ ከአዳማ ሲሄድ እኔ ያስጨበጥሁትን ማሲንቆ ይዞ ነበር። ወለንጪቲ ሰርግ ላይ ሲጫወት ሙሽራይቱን ከነሚዜዎቿ ያስለቅስ ነበር። ማሲንቆ ጆሮ ያበላሻል ብለው በገባ ዕለት ስለ ወሰዱበት፣ ጆሮውን አትርፈውልኛልና እግዜር ይስጥልኝ። ማሲንቆውን ማገዶ አድርገውት ከሆነም ወጥ አብስሏልና አልቀየምም።

ሁለተኛ፤ ባለፈው ጥቅምት እናቱ ሎሚ አልጋ ያዘች። ሰንበታ በእርስዎ ደግነት ፈቃድ አግኝቶ በባቡር መጣ። እናቱም አዝላ ታንጎራጉርለት የነበረውን ዜማ እንዲጫወትላት ለመነችው። የጎረቤት ማሲንቆ ተውሰን ብንሰጠው ጣቶቹ ዜማውን አጡት። አፍሮ ጥሩምባውን አወጣና የተማረውን ሊያሰማት ደብተሩን ዘረጋ። በእግሩ እየመታ ቆጠረ፣ ሁለት ጊዜ ነፋ፣ ዝም አለ፤ ደግሞ ቆጠረ፣ ደግሞ ሁለት ጊዜ ነፋ። ለካ እርሱ አራተኛ ነፊ ኖሯል፤ ዜማው ያለው ከሌሎቹ ልጆች ዘንድ ነው። በእኛ አገር ተጫዋች ሳይቃኝ አይጀምርምና ሎሚ እየቃኘ መሰላት። እኔን እንኳ ዝም በል ብላ ተቆጣችኝ። ደብተሩን ሲያጥፍ መቼ እንደሚጀምር ጠየቀችው። በሦስተኛው ቀን ሳይጀምርላት ዐረፈች።

ሦስተኛውን በደል በእርስዎ ላይ አልጽፍም፤ የእኔ ነው። ባለ ቁልፍ ኮትዎን አይቼ የላክሁት እኔ ነኝ። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልሁ። ልጁ ከቀብር ወዲህ ከሰው ፊት ሸሽቶ ወደ እርስዎ ተመልሷል። እርጅና ሳይቀድመኝ ዳግመኛ ከሀ ጀምሬ እንዳስተምረው ቢለቁልኝ ውለታዎን እስክሞት አልረሳም።

ከደጅዎ እጅ ነሥቶ የሚሰናበት፣ የአራተኛው ነፊ አባት፣ የሟቿ የሎሚ ባል፣

ፈዬራ ባጫ
አዳማ፣ ኅዳር ፲፱፻፳፪ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፤ ልጁን መልቀቅ የማይቻል ከሆነ፣ የሁሉም ነፊዎች እናቶች በአንድ ቀን፣ በአንድ ቤት እንዲታመሙ ትእዛዝ ይስጡልን። ያን ጊዜ ዜማው ይሟላላቸዋል።